የመቆጣጠሪያ ክፍልና በውስጡ የሚቀመጠው ሰው

አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ወይም አንድ የነዳጅ ማጣሪያ በሚነደፍበት ጊዜ የመሐንዲሶቹ ድካም አብዛኛው የሚውለው በማሞቂያው፣ በተርባይኑ፣ በፓምፑና በቧንቧው ላይ ነው። የእነዚህ ሁሉ ቦታና ልክ ከተወሰነ በኋላ ከሕንፃው አንድ ጥግ ይተርፍና «የመቆጣጠሪያው ክፍል በዚህ ይሁን» ይባላል። ከየመሣሪያው የሚመጣው ሽቦ ሁሉ ወደዚያ ይሳባል፤ ለእያንዳንዱም ሽቦ አንድ መብራት፣ ወይም አንድ ጠቋሚ መርፌ፣ ወይም አንድ ማብሪያ ይሰጠዋል። ሰሌዳው በሞላ ጊዜ ወንበር ይገባና ሰው ይጠራል። እንግዲህ ይህ በመጨረሻ የተጠራው ሰው፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን በመጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጥ ያሰብነው የመቆጣጠሪያ ክፍል ለሰው ዓይን፣ ለሰው እጅና ለሰው ሐሳብ ተስማምቶ እንዲሠራ ምን ምን ነገር መታወቅ እንዳለበት ነው። ጉዳዩ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ብቻ ወይም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች እምብዛም የማይነጋገሩ መሆናቸው ራሱ ከችግሩ አንዱ ክፍል ይመስለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ነገሩ በጥናት መታየት የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ላይ ነው። ቢ-17 የሚባለው የአሜሪካ የቦምብ አውሮፕላን በደኅና ካረፈ በኋላ፣ በመሬት ላይ ገና በመንከባለል ላይ ሳለ፣ አብራሪው ፍላፕ የሚባለውን የክንፍ ተቀጽላ አጥፋለሁ ብሎ መንኰራኵሩን ያጥፈውና አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛ ነበር። ይህም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ የደረሰ ነው። የተሰጠውም ምክንያት «የአብራሪው ስሕተት» የሚል ነበር። በ1943 ዓ.ም. አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ወጣት የሥነ ልቡና ሊቅ ወደ አውሮፕላኑ ገብቶ ቢመለከት፣ የመንኰራኵሩና የፍላፑ ማንቀሳቀሻዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ መልካቸውም አንድ ዓይነት ሁኖ አገኛቸው። በሌላ ዓይነት አውሮፕላን፣ ሁለቱ ማንቀሳቀሻዎች ተራርቀው በተሠሩበት ላይ፣ ይህ ስሕተት የለም። ቻፓኒስም በአንዱ ማንቀሳቀሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ መንኰራኵር፣ በሌላው ጫፍ ላይ ሹል ቅርጽ ያለው ነገር እንዲለጠፍ አደረገ። እጅ ሲነካው ዓይን ሳያይ ያውቀዋል። ዛሬም ቢሆን በማናቸውም የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የመንኰራኵሩ ማንቀሳቀሻ ጫፍ ክብ የሆነው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የአብራሪ ስሕተት የተባሉ 460 አጋጣሚዎችን ሰብስበው ቢመረምሩ ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ አንዱን ማንቀሳቀሻ በሌላው መለወጥ ሁኖ ተገኘ። እንግዲህ ብዙ ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሠሩ ከሆነ፣ ምክንያቱን በሰዎቹ ጠባይ ከመፈለግ ይልቅ በቦታው መፈለግ ይሻላል። ይህ ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከአውሮፕላን ወደ ፋብሪካ እስኪሻገር ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እስከዚያው ድረስ ሠራተኞቹ በገዛ እጃቸው መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። በአንድ የአሜሪካ የኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ ተረኞቹ ሁለት ተመሳሳይ ማንቀሳቀሻዎችን ለመለየት ከመጠጥ ቤት የቢራ መቅጃ እጀታ አምጥተው በላያቸው ላይ ገጥመዋል። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ቻፓኒስ ካደረገው የሚለይበት የለም፤ እንዲያውም መሐንዲሱ ያልሠራውን ሥራ ሠርተዋል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ እንግባ። በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት፣ በሱስኬሃና ወንዝ ላይ በሚገኝ ደሴት፣ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል የኒውክሌር ማመንጫ አለ። ሁለተኛው ክፍሉ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በ1979 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ውሃ የሚያቀርቡት ዋና ፓምፖች ቆሙ። ተርባይኑ ቆመ። በሬአክቶሩ ውስጥ ያለው ውሃ የሚወስድለት ስላጣ ሞቀ፤ ግፊቱም ጨመረ። ግፊቱን ለማስተንፈስ የተሠራው ቫልቭ እንደ ሚገባው ተከፈተ፤ ሬአክቶሩም በራሱ ጊዜ ሥራውን አቆመ። ይህ ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ የሆነና በፕላኑ መሠረት የሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት የሚገባው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በዚያ ክፍት በኩል የሬአክቶሩ ውሃ ይወጣ ጀመር።

በሰሌዳው ላይ ለዚህ ቫልቭ አንድ መብራት ነበረለት። መብራቱ ጠፋ። ተረኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስተውል እንለምናለን፤ መብራቱ ቫልቩ መዘጋቱን የሚናገር አልነበረም። የሚናገረው «ተዘጋ» የሚል የኤሌክትሪክ ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነው። ትእዛዙ መላኩና ትእዛዙ መፈጸሙ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ልጁን ወደ ገበያ ልኮ «ልኬዋለሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ ጨው ግን ገና በቤት የለም። መሐንዲሱ አንድ ሽቦ ቆጥቦ ትእዛዙን አሳየ፤ ተረኛው ግን ያነበበው ውጤቱን ነው። ተረኛውም ቢሆን በሌላ አኳኋን ሊያነበው አይችልም ነበር፤ ማንም ሰው መብራት ሲያይ የሚጠይቀው «ነገሩ እንዴት ነው?» ብሎ ነው እንጂ «ምን ታዘዘ?» ብሎ አይደለም።

ቫልቩ ክፍት መሆኑን የሚያመለክቱ ሌሎች ምልክቶች አልነበሩም ወይ? ነበሩ። የሚወጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ታንክ ጠቋሚ ነበረው፤ ግን የተሰቀለው ከዋናው ሰሌዳ ጀርባ ነው፤ ዞሮ ያልሄደ ሰው አያየውም። ከቫልቩ በታች ያለው ቧንቧ ሙቀትም ከፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ቫልቩ ከዚያ በፊትም ጥቂት ጥቂት ያንጠባጥብ ስለ ነበረ ሙቀቱ ከፍ ማለቱ እንደ ልማድ ተቆጠረ። ከዚህም ሌላ ለመጠባበቂያ ውሃ የሚያቀርቡት ቧንቧዎች ሁለት ቫልቮች ከሁለት ቀን በፊት ለምርመራ ተዘግተው ሳይከፈቱ ቀርተዋል፤ ይህን ከሚያሳዩት መብራቶች አንዱ በጥገና ቢጫ ካርድ ተሸፍኖ ነበር። ካርዱን የሰቀለው ሰው ሥራውን እንደ ደንቡ ነው የሠራው። ካርዱ የሚንጠለጠልበትና መብራቱ የሚበራበት ቦታ እንዳይጋጭ ማሰብ የማን ሥራ ነበር?

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ100 የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ደወሎችና መብራቶች አንድ ላይ ተነሡ። አስፈላጊውን ከማያስፈልገው የሚለይ ምንም ዘዴ አልነበረም። የእያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ጊዜና ስም በወረቀት የሚያትመው መኪና መከታተል ስላቃተው ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ወረቀቱ ተቀርቅሮበት ቆሟል። በኋላ በምርመራው ላይ ከተረኞቹ አንዱ የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ነቅሎ ቢጥለው ይወድ እንደ ነበር፣ የሚጠቅም ነገር እንዳልነገረው መስክሯል።

ከሁሉ የከፋው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። በሬአክቶሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ተረኞቹ የሚያዩት ከሬአክቶሩ ጋር በቧንቧ የተያያዘውን የግፊት መጠበቂያ ታንክ ከፍታ ነው። ከፍታው የሚጨምር ሁኖ ታየ። የተማሩትም ይህ ታንክ ፈጽሞ እንዳይሞላ ነበር። ስለዚህ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ውሃ ያስገባ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ፓምፕ ቀነሱት። በእውነቱ ግን ቫልቩ ክፍት ስለ ሆነ ውሃው በታንኩ በኩል እየወጣ ነበር፤ ታንኩ ሲሞላ እምብርቱ ይራቆት ነበር። ከሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ለተረኛነት አዲስ የመጣ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ በነበረው አሳብ ያልተያዘ ሰው ሌላውን የቧንቧ መዝጊያ እንዲዘጋ አደረገ፤ ውሃው መውጣቱን ተወ። የሬአክቶሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀልጧል። ከአካባቢው ሕዝብ ወዲያው የሞተ ሰው ባይኖርም፣ ሁለተኛው ክፍል ዳግመኛ አልሠራም፤ ለማጽዳት 14 ዓመት ያህልና 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስፈልጓል።

ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ሰብሳቢ የሒሳብ ሊቁ ጆን ኬሜኒ ነበር፤ ቤሲክ የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ኮሚሽኑ ሠራተኞቹ መሳሳታቸውን አልካደም፤ ሆኖም ከስሕተቱ በስተ ኋላ የትምህርታቸውን ጉድለት፣ የደንቡን ግልጽ አለመሆንና የክፍሉን አሠራር አየ። እንዲያውም ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በኦሃዮ በሚገኝ በዴቪስ-ቤሴ ማመንጫ ውስጥ ይኸው ዓይነት ቫልቭ እንዲሁ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ተረኞቹም እንዲሁ ፓምፑን ቀንሰው ነበር። ጉዳት ያልደረሰው ማመንጫው በዚያን ጊዜ የሚሠራው በጥቂት ኃይል ስለ ነበረና ነገሩ በጊዜ ስለ ታወቀ ነው። ትምህርቱ ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አልተላለፈም።

ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር አለ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በዌልስ በሚልፎርድ ሄቨን በቴክሳኮ የነዳጅ ማጣሪያ በ1994 ዓ.ም. ሐምሌ 24 ቀን በጠዋት መብረቅ ወድቆ ሥራው ተናወጠ። ከዚያ የተነሣ አንድ ቫልቭ ተዘግቶ ቀረ፤ ስክሪኑ ግን ክፍት ነው ይል ነበር። የስሪ ማይል አይላንድ መብራት ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ አገር በስክሪን ላይ ተወለደ ማለት ነው። ነዳጁ ይገባል፤ አይወጣም። የሚገባውን መጠንና የሚወጣውን መጠን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድም ገጽ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱ ገጽ ስለ ነበረው ተረኛው አንዱን ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል። ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ሁለት ተረኞች 275 ማስጠንቀቂያዎች ደረሷቸው። ይህን ስናካፍለው በየሁለት ሴኮንድ ተኩሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ማንበብ፣ መረዳት፣ ማሰብ፣ ከዚያም መሥራት የሚፈልግ ነገር በሁለት ሴኮንድ ተኩል! በመጨረሻም 20 ቶን ያህል ነዳጅ ወጥቶ ፈነዳ፤ 26 ሰዎች ቈሰሉ። ቀኑ እሑድ በመሆኑ የሞተ አልነበረም።

ኮምፒዩተር ችግሩን ከማቅለል ይልቅ በአንድ በኩል አከበደው። በሰሌዳው ዘመን አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ለመጨመር ብረት መብሳትና ሽቦ መሳብ ስለሚያስፈልግ መሐንዲሱ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። በኮምፒዩተር ግን ማስጠንቀቂያ መጨመር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል። ከሚልፎርድ ሄቨን በኋላ በእንግሊዝ አገር የወጣው መመሪያ በደኅና ጊዜ ለአንድ ተረኛ በ10 ደቂቃ አንድ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ሊሸከመው እንደሚችል ይገምታል። መለኪያውም ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይህ ደወል ሲጮህ ተረኛው የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ምንም የሚያደርገው ነገር ከሌለ ደወል አይደለም፤ በመዝገብ ይጻፍና ይተው።

ዝምታም እንደ ጩኸት ያሳስታል። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ 14 ቀን በኦሃዮ የአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም በውስጡ በነበረ ስሕተት ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሥራውን አቆመ። መቆሙን ግን ለማንም አልተናገረም። ተረኞቹ ደወል ስላልሰሙ ሁሉ ደኅና ነው ብለው ተቀመጡ፤ መስመሮቹ ግን አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። ስለዚህ አስጠንቃቂው ራሱ በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ አንድ የሚንቀሳቀስ ምልክት በክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።

እስካሁን የተናገርነው ሰው ብዙ ሥራ ስለሚበዛበት ጊዜ ነው። ብዙው የተረኛ ሰዓት ግን ምንም የማይደረግበት ነው፤ ይህም የራሱ ፈተና አለው። ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል የእንግሊዝ ተመራማሪ የራዳር ጠባቂዎች ለምን ምልክት እንደሚያመልጣቸው ለማወቅ አንድ ሰዓት መሰል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መርፌው በየሴኮንዱ አንድ እርምጃ ይዘላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሁለት እርምጃ ይዘላል። ያንን ማየትና ቁልፍ መጫን ነው ሥራው። በ1948 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ሰዎቹ የሚያመልጣቸው ምልክት በግልጽ ይበዛል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሰው አእምሮ የማይለወጥ ነገር አተኩሮ ለመጠበቅ አልተሠራምና ነው።

በ1983 ዓ.ም. ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል እንግሊዛዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በጻፈችው አጭር ጽሑፍ ይህን ነገር ከሥሩ አንሥታዋለች። መሐንዲሱ ሰው ይሳሳታል ብሎ ቀላሉን ሥራ ሁሉ ለመኪና ይሰጣል። ለመኪና መስጠት ያልቻለውን፣ ይኸውም ከባዱንና ያልታሰበውን፣ ለዚያው ይሳሳታል ላለው ሰው ይተውለታል። ሰውየውም በየቀኑ ስለማይሠራው እጁ ይፈዛል፤ በተፈለገም ጊዜ ከማንም ይልቅ ብልህ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ዋናው ሲሙሌተር የሚባለው የመለማመጃ ክፍል ነው፤ ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት ሰሌዳ ተሠርቶ ተረኞቹ በየጊዜው አደጋን ይለማመዱበታል። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁለተኛው መፍትሔ፣ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ጥቂቱ ሆነ ተብሎ በሰው እጅ እንዲቀር ማድረጉ፣ ወጪው አነስተኛ ሁኖ ሳለ የተሰጠው ቦታ ትንሽ ነው።

ታዲያ ዛሬ አንድ የመቆጣጠሪያ ክፍል በደንብ ይሠራ ቢባል ከምን ይጀመራል? ከሽቦው ሳይሆን ከሥራው ይጀመራል። ተረኛው በጠዋት፣ በርክክብ ጊዜ፣ ማመንጫው ሲነሣ፣ ሲቆም፣ ሲታመም ምን ማወቅና ምን መወሰን እንዳለበት አስቀድሞ ይጻፋል፤ ሰሌዳው ከዚያ ይወጣል። አብረው የሚነበቡት አብረው ይቀመጣሉ። ጠቅላላውን ሁኔታ በአንድ አፍታ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከማንም በላይ ይሰቀላል። ስለ ቀለምም የቀድሞው ልማድ ተለውጧል፤ ሁሉ ደኅና ሲሆን ስክሪኑ ግራጫና ጸጥ ያለ ይሁን፣ ደማቅ ቀለም ለችግር ብቻ ይቀመጥ ይባላል። በቀይና በአረንጓዴ ብቻ መለየትም አይበቃም፤ ሁለቱን የማይለዩ ወንዶች በአውሮፓውያን ዘንድ ከ12 አንድ ያህል ናቸውና ቅርጽ ወይም ጽሑፍ ይታከልበታል። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጠረጴዛው ከፍታ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ጫጫታው አይ.ኤስ.ኦ. 11064 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በሰፊው ይናገራል። ብረት ከመቆረጡ በፊት ግን ሰሌዳውን በሙሉ ልኩ ከካርቶንና ከጣውላ ሠርቶ፣ አጭሩንም ረጅሙንም ተረኛ አምጥቶ «ይህ ቢበላሽ ምን ትነካለህ?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ ርካሽ ምርመራ የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። በ1960 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ጀምሮ ትልልቅ መሣሪያዎቻችን ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ መሣሪያ ከየአገሩ ሲመጣም የሰሪው ልማድ አብሮ ይመጣል። በእንግሊዝ አገር የግድግዳ ማብሪያ ወደ ታች ሲጫኑት ይበራል፤ በአሜሪካ ወደ ላይ። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የራዲዮኑን ቁልፍ ወደ ቀኝ ስናዞረው ድምፁ ይጨምራል፤ የውሃ ቧንቧውን ወደ ቀኝ ስናዞረው ውሃው ይዘጋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ያሳስታል። ስለዚህ መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በውሉ ውስጥ የማንቀሳቀሻው አቅጣጫ፣ የቀለሙ ትርጉምና የጽሑፉ ቋንቋ በሁሉም ሰሌዳ አንድ እንዲሆን ቢያስገባ፣ ዕቃው ከተተከለ በኋላ ከሚደረገው ማስተካከያ እጅግ ይረክሳል።

የሰዓቱ ነገርም አለ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ኮምፒዩተር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቈጥራል፤ ተረኛው በስልክ የሚነጋገረውና በቤቱ የሚኖረው ግን በእኛ ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። «በ8 ሰዓት መስመሩ ይዘጋል» የሚል ቃል በስልክ ቢነገር፣ አንዱ ከጠዋቱ ሌላው ከቀትር በኋላ ሊረዳው ይችላል፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ የጥገና ሠራተኛ ወጥቶበት ይሆናል። ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን በግድግዳው ላይ ይሰቀሉ፤ በርክክብ መዝገቡም ላይ ለእያንዳንዱ አምድ የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ከላይ ይታተምበት።